ዋተርሉ የሚገኘው የዳን ጌብል የሬስሊንግ ሙዚየም፦ ታጋይ ልጅ ላላቸው ወላጆች

በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ዋተርሉ ከተማ የሚገኘውና በታዋቂው አሜሪካዊ ታጋይና አሠልጣኝ ስም የተሰየመው የዳን ጌብል ሙዚየም የአገሪቱ ብሔራዊ የሬስሊንግ (የትግል ስፖርት) የዝና አዳራሽ፣ ማለትም የስፖርቱ ታላላቆች የሚዘከሩበት ተቋም አካል ነው። ዋናው አዳራሽ ኦክላሆማ ውስጥ ስቲልዋተር ላይ ሲሆን፣ ይህኛው እ.ኤ.አ. በ1998 ኒውተን በተባለች የአዮዋ ከተማ ተመሥርቶ በኋላ ወደ ጌብል የትውልድ ከተማ ተዛወረ። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች እንደሚኖሩ የታወቀ ነው፤ ልጃቸው በትምህርት ቤት ሬስሊንግ የጀመረላቸው ወላጆች ሦስት ሰዓት ከምናምን ነድተው አንድ ቀን ቢያሳልፉበት ጊዜያቸው በከንቱ አይጠፋም። ይህን የምለው ስለ ሜዳሊያዎቹ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ሙዚየሙ ስማቸውን የያዘላቸው ሰው ከሜዳሊያው በኋላ ለሌሎች ልጆች የሰጡት ዕድሜ ከራሳቸው ድል ይበልጥብኛል።

በእርግጥ ድላቸውም ቀላል አይደለም። ጌብል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 64 ጊዜ ገጥመው 64ቱንም አሸነፉ፤ በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲም ማሸነፋቸውን ቀጥለው፣ ከሁለቱም ደረጃ ተደምሮ 181 ግጥሚያ ያለ ሽንፈት ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 በመጨረሻው የዩኒቨርሲቲ ፍጻሜ ላሪ ኦዊንግስ የተባለ ታጋይ 13 ለ11 ረታቸው። ልጁን ይዞ የሚሄድ ወላጅ ከሁሉ በላይ በዚህ ታሪክ ላይ ጊዜ ወስዶ እንዲያወያየው አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ያ ሽንፈት ጌብልን ከስፖርቱ አላስወጣቸውም። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ደግሞ በ68 ኪሎ ግራም ነጻ ትግል ስድስት ተጋጣሚዎችን ገጥመው አንድም ነጥብ ሳይቆጠርባቸው ወርቁን ወሰዱ። ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው፣ ታላቅ እህታቸው በገዛ ቤታቸው ውስጥ መገደሏን ለሚያውቅ ሰው፣ የልምምዳቸው ጽናት ከየት እንደመጣ በመጠኑም ቢሆን ይገባዋል።

የአሠልጣኝነቱ ዘመን ግን ከዚህም ይሰፋል። ጌብል በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 በቆዩባቸው 21 የውድድር ዘመናት ቡድናቸው በየዓመቱ ቢግ ቴን የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር አሸናፊ ሲሆን፣ 15 ጊዜ የአገሪቱን የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ አነሣ፤ ከእነዚህም ዘጠኙ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1986 ድረስ በተከታታይ የተገኙ ናቸው። በቡድን ለቡድን ግጥሚያዎች 355 አሸንፈው፣ 21 ተሸንፈው፣ 5 አቻ ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ውጤት የሚገኘው አሠልጣኙ ምርጥ ታጋዮችን ስለሰበሰበ ብቻ አይመስለኝም። በራሱ ጊዜ ታላቅ የነበረ ስፖርተኛ ብዙውን ጊዜ እሱ የሚችለውን የማይችል ልጅ ሲያጋጥመው ትዕግሥት ያጣል፤ ጌብል ግን ሁለት አሥርት ዓመታት ሙሉ በየመኸሩ ከአዳዲስ ወጣቶች ጋር ከመሠረቱ ይጀምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሥራ አስፈጻሚ ሬስሊንግ ከ2020 ጨዋታዎች እንዲወጣ ሐሳብ ባቀረበ ጊዜም፣ በስልሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው ድምፃቸውን ካሰሙት ቀደምት ታጋዮች አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ ስፖርቱም በዚያው ዓመት መስከረም ወር ቦነስ አይረስ ላይ በተሰጠ ድምፅ ቦታውን መልሶ አገኘ።

ሙዚየሙ ከጌብል ውጭም የሚያሳየው አለው። በግሪክና ሮማን ስልት፣ ማለትም ከወገብ በታች መያዝ በማይፈቀድበት የትግል ዓይነት፣ ለታገሉ ሻምፒዮኖች የተለየ ክፍል አለ፤ የቴሌቪዥኑን ሬስሊንግ ለሚወዱም በጆርጅ ትራጎስና በሉ ቴዝ ስም የተሰየመ የፕሮፌሽናል ታጋዮች የዝና አዳራሽ እዚያው ይገኛል። እኔ ልጆቹ መጀመሪያ ወደዚህ እንዳይሮጡ እመርጣለሁ፤ ትርኢቱ ዓይን ስለሚስብ የትምህርት ቤቱን ስፖርት ታሪክ በጥድፊያ እንዲያልፉት ያደርጋቸዋል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። የስፖርቱ ታሪክ የሚነበብ እንጂ በማየት ብቻ የሚገባ ስላልሆነ፣ እንግሊዝኛ የማይቀናው ወላጅ ወይም አያት አብሮ ከሄደ ልጁ ራሱ እያነበበ እንዲያስረዳ ቢደረግ መልካም ነው። በጣም ትናንሽ ልጆች ቶሎ ይሰለቻሉ፤ ቢያንስ አንድ የውድድር ዘመን የታገለ ታዳጊ ግን በብዙ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ። ጉዞውን ለማሟላት የሚፈልግ ከዋተርሉ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወደሚርቀው አዮዋ ሲቲ ቢቀጥል፣ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሚጋጠምበት በካርቨር ሆክአይ አሬና ደጃፍ የጌብልን ሐውልት ያገኛል። የዩኒቨርሲቲው ግጥሚያዎች ከኅዳር እስከ መጋቢት ስለሚካሄዱና የአዮዋ ሕዝብ አሬናውን ስለሚሞላው፣ ግጥሚያም ጨምሮ ለማየት ያሰበ ትኬቱን ቀደም ብሎ መግዛት አለበት።