ስለ ቤንጋል ክፍፍል የሚሸጠው ጥራዝ፦ ይገዛል?

ደብረ ብርሃን ፎቶ ኮፒ ቤቶች ውስጥ ለታሪክ ተማሪ ከሚሸጡት ጥራዞች፣ እንግሊዞች በቅኝ የያዙትን የሕንድ ግዛት ቤንጋልን ለሁለት ሲከፍሉ ያቀረቡትን ምክንያት የሚተነትነው ገንዘቡ አያስቆጭም። ግን ባለቀለሙን ጠይቁ፤ በጥቁርና ነጭ የተባዛው ላይ የካርታው ምሥራቁም ምዕራቡም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ድንበሩ ጠፍቷል። በስቴፕለር የተመታው ቶሎ ስለሚበታተን በስፓይራል አስጠርዙት።

የጥራዙ ጉልበት ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ገዥዎቹ በአደባባይ ያሉትንና እርስ በርስ የተጻጻፉትን ጎን ለጎን አስቀምጧል። በአደባባይ፦ ግዛቱ 78 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይዞ ለአንድ ሌተና ገዥ ከብዷል፣ ምሥራቁም ተረስቷል። የእንግሊዝ የሕንድ እንደራሴ ሎርድ ከርዘን በፌብሩዋሪ 1904 ዳካ ድረስ ሄዶ ለሙስሊሞቹ ከጥንት ገዥዎቻቸው ወዲህ ያላዩትን አንድነት ቃል ገባላቸው። በውስጥ ማስታወሻ ደግሞ፣ የከርዘን መንግሥት ባለሥልጣን ኸርበርት ሪዝሊ በዚያው ዓመት የጻፈው አንድ የሆነ ቤንጋል ኃይል እንደሆነ፣ ሲከፈል ግን በየፊናው እንደሚጎተት ነው።

ተማሪን የሚጥለው ቁጥሩ ነው። ከክፍፍሉ በኋላ ምሥራቁ 31፣ ምዕራቡ 54 ሚሊዮን፤ ሲደመር 85። ታዲያ 78ቱስ? ልዩነቱ በአብዛኛው ጎረቤቱ የአሳም ግዛት ከምሥራቁ ጋር ስለተቀላቀለ የመጣ ነው፤ ጥራዙ ግን ዝም ብሎ አልፎታል። ከ54ቱ ሚሊዮን ቤንጋልኛ ተናጋሪው 17 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ የቤንጋል ሂንዱ በምሥራቅ በሃይማኖት፣ በምዕራብ በቋንቋ አናሳ ሆኖ አረፈው። ሸክም ማቅለል ብቻ ቢሆንማ በአብዛኛው ቤንጋልኛ የማይናገሩትን ቢሃርንና ኦሪሳን ነጥሎ ማውጣት ይበቃ ነበር፤ ክፍፍሉ ከተሻረ በኋላ በ1912 እ.ኤ.አ. የተደረገውም ይኸው ነው። ከርዘንን የሚያጋልጠው ዋናው ማስረጃ ይህ ሆኖ ሳለ በግርጌ ማስታወሻ መወርወሩ ያናድዳል።

ቀኖቹን አትመኑ። አንዱ ገጽ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ምልክት የለውም። ክፍፍሉ ሥራ ላይ የዋለው ኦክቶበር 16 ቀን 1905 ነው፣ በእኛ ጥቅምት 6 ቀን 1898። የተሻረው ዲሴምበር 12 ቀን 1911፣ ማለትም ታኅሣሥ 2 ቀን 1904። ጥራዙ የመጀመሪያውን በፈረንጅ፣ ሁለተኛውን በእኛ ስላስቀመጠ ክፍፍሉ ሳይጀመር የተሻረ ይመስላል። ዳር ላይ በእርሳስ «እ.ኤ.አ.» እያላችሁ አስተካክሉ።

መጨረሻው ስለ ጣሊያን ነው፤ ሁለት ገጽ ብቻ፣ ያውም ለሰሜን ሸዋ አንባቢ! በጁን 1936ቱ ሕግ ምሥራቅ አፍሪካቸውን በአምስት ግዛት መክፈላቸውን፣ አዲስ አበባን ለብቻ ማስቀመጣቸውን፣ በ1938 እ.ኤ.አ. ከአጎራባቾቹ መሬት ቆርሰው የሸዋ ግዛት ማለታቸውን ይዘረዝራል። በዘርና በሃይማኖት ሲከፋፍሉ ሕዝቡን ከሸዋ ገዥዎች ነፃ እናወጣለን ማለታቸውንም ይጠቅሳል። የቤንጋሉ ዓይነት ንጽጽር ግን የለውም። ለዚህ ምዕራፍ ብቻ ብላችሁ አትግዙት።