የአባቴን ቮልስ ሁለተኛ ማርሽ ላገኙልኝ መካኒክ

የአባቴን ቮልስ የምታውቁ ታውቋታላችሁ። የ1968 ሞዴል ናት፣ በፈረንጆቹ። ነጭ፣ ድምጿ ከሰፈሩ ጫፍ የሚሰማ። ስወርሳት ሞተሯ ደህና ነበር። ማርሿ ግን ገንፎ ማማሰል ሆኖ ነበር። አንደኛ ይገባል። ሁለተኛ ግን እንደ ዕለቱ ነው። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስወጣ፣ ከኋላዬ ሚኒባሱ ጥሩንባውን እየነፋ፣ ሁለተኛን ፍለጋ ዘንጉን ስዳብስ ያላበኝን ላብ እኔ ነኝ የማውቀው። የኋላ ማርሽማ ወደ ታች ተጭኖ፣ ወደ ግራ ገፍቶ፣ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ብቻ ክንድ ይጨርሳል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ አምስት ደቂቃ እንኳ አላዩዋትም። "ካምቢዮው አልቋል፣ ይወርዳል" አሉኝ፤ የማርሽ ሳጥኑን ማለታቸው ነው። የጠሩትን ዋጋ ስሰማ ልሸጣት ወስኜ ነበር።

ቄራ አካባቢ ያሉትን ሽማግሌ መካኒክ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አይፈልጉም፤ ጋሼ እንበላቸው።

ጋሼ ሞተሩን አልነኩም። የኋላ ወንበሩን አነሱ። የቮልስ ባትሪ እዚያ ሥር ስለሆነ ገመዱን ፈቱ። ከዚያ መሀል ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን በካቻቢቴ ከፈቱና "ነይ ልጄ፣ በስልክሽ እያበራሽ እዚህ ውስጥ እዪ" አሉኝ። እሳቸው ፊት ሄደው ዘንጉን መወዝወዝ ጀመሩ። ዘንጉ ሲሄድ ይሰማኛል። እኔ የማያት መጋጠሚያ ግን ንቅንቅ አትልም። ቆየት ብላ ቀጭ ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮልስ ካምቢዮዋ ከኋላ ነው። ከማርሽ ዘንጉ ሥር የሚነሳ ረጅም ብረት በወለሉ መሀል ባለው ጉብታ ውስጥ አልፎ እስከዚያ ይደርሳል። ፊት ለፊት ቡሽ የሚሏት ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት ትደግፈዋለች። ኋላ ላይ ጎማ ያላት መጋጠሚያ ከካምቢዮው ጋር ታያይዘዋለች። ቡሿ ስትበላና ጎማው ሲላሽቅ፣ እጃችሁ ያዘዘው ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

"ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ከሆነ ማውረዳችን አይቀርም" አሉ፣ ሳይደብቁ። "ግን መጀመሪያ ርካሹን እንሞክር።"

መጋጠሚያዋን ከሶማሌ ተራ ገዝቼ መጣሁ። አገላብጠው አዩና የብሎኗ ጥርስ ላልቷል ብለው መለሱኝ። ሁለተኛዋን ተቀበሉ። ቡሿ ግን ገበያ ውስጥ ጠፋች። ጋሼ የሚያውቁት ቶርኖ ቤት ሄደው ከናይለን አስቀረጿት።

የምትገባበትን ብታዩ! የማርሽ ዘንጉ ከተነሳ በኋላ በቀረችው ቀዳዳ ጣታቸውን ሰደው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በዳሰሳ ነው የሠሩት። አሮጌዋ ቡሽ እንደ ደረቀ የሎሚ ልጣጭ ተሰባብራ ወጣች። አዲሷ ገብታ ብረቱ በግራሶ ከታሸ በኋላ፣ የመጋጠሚያዋን ብሎን አጥብቀው በቀጭን ሽቦ አሰሯት። "ይቺ ከላላች መንገድ ላይ ማርሽ የሚባል ነገር አይኖርሽም" አሉኝ። ቀጥሎ ሁለተኛ አስገቡ፣ የዘንጉን እግር የያዙትን ሁለት ብሎኖች አላልተው፣ ትንሽ ገፋ አድርገው አሰሩ። አልተመቻቸውም። እንደገና ፈቱ። በሦስተኛው ነው "እሺ አሁን" ያሉት።

ቅሬታም አለኝ። "ነገ ትወስጃታለሽ" ያሉኝ ነገ ሦስተኛ ቀን ላይ ዋለ። ስልክ ደግሞ ጭራሽ አያነሱም። ለእጃቸው የጠየቁኝ ግን ያ ጋራዥ ካለኝ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ልጨምርላቸው ብል ተቆጡ።

ትናንት ሆን ብዬ በቸርችል ወጣሁ። ሁለተኛ በሁለት ጣት ገባች። አባቴ ባለ ኖሮ "አሁንስ አትንጪያት" ይለኝ ነበር።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። አሮጌ ቮልስ ያላችሁ፣ ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ፤ እሱን ፈቅደውልኛል። ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ። አንዴ መኪና ሥር ከገቡ እስከ ምሳ አይወጡም።