ቱሉ ዲምቱ ያለችው መጽሐፍ አከራይ ቤት እና ቁጥር 41 ጥራዝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከታክሲ መያዣው ጀርባ፣ ግራውንድ ላይ አንዲት መጽሐፍ አከራይ ቤት አለች። በሯ ላይ ስም የለም፤ «መጽሐፍ ይከራያል፣ ኮፒ እናደርጋለን» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። ልብ ወለድ ለሦስት ቀን 20 ብር ነው። ስለ ልብ ወለዱ ሌላ ሰው ይጻፍ፤ እኔን እስክሪብቶ ያስነሳኝ «የጥያቄ መዝገብ» የምትለው አገልግሎቷ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማወቅ የምትፈልጉትን ነገር ደብተሯ ላይ ትጽፋላችሁ፣ 50 ብር ትከፍላላችሁ። ልጅቱ ከኢንተርኔቱም ከድሮ መጽሔቱም ለቃቅማ፣ እንግሊዝኛውን በእጅ ጽሑፏ ወደ አማርኛ አሳጥራ፣ በነጭ ክር ሰፍታ በሳምንቱ ትሰጣችኋለች። ኮፒ ወደ ቤት ልውሰድ ካላችሁ ገጹ 4 ብር ነው። ዋናው እዚያው ይቀራል፣ ቁጥር ይወጣለታል፣ ለሚቀጥለው ሰው ይከራያል።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ የእህቴ ልጅ ነገር ነው። ነርስ ናት። ሰሜን አርካንሳስ፣ ሚዙሪ ድንበር አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ሥራ አግኝታ ሄደች። አንድ ማታ ስልክ ላይ «ጋሼ፣ እዚህ ሐይቁ ዳር ድሮ የታጠቁ ነጮች የእግዚአብሔር ሕዝብ እኛ ብቻ ነን ብለው ሰፍረው ነበር አሉኝ» ብላኝ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አገሩን በካርታ አውቀዋለሁ፣ ያን ታሪክ ግን አልሰማሁም። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ተነሥቼ ሄድኩ።

ልጅቱ የጻፍኩትን አንብባ ቀና አለችና «ጋሼ፣ የሙሉጌታ ሥራው ታሪክስ ይጨመር?» አለችኝ። ሃያዎቹን ገና የጀመረች ልጅ ናት። እኔ ዜናውን የሰማሁት በእኛ ኅዳር 1981 ነው፤ ለትምህርት አሜሪካ ሄዶ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ይኖር የነበረ የ28 ዓመት ወንድማችን፣ ስኪንሄድ በሚባሉ ጭንቅላታቸውን የተላጩ ነጭ ዘረኛ ወጣቶች እጅ፣ በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ለካ ስሙን የሚያስታውስ አዲስ ትውልድም አለ። «ጨምሪው» አልኳት፤ ድምፄ አልወጣም።

በስምንተኛው ቀን 43 ገጽ ሰጠችኝ። ሻይ አዝዤ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳልጠይቃት ሻማ አመጣችልኝ።

ጥራዙ የሚጀምረው እነዚያ የታጠቁ ሰዎች ካመኑበት ትምህርት ሥር ነው፣ ይህም ደግ አድርጋለች (ከዚህ በኋላ «በእኛ» ካላልኩ ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ «የጠፉት የእስራኤል ነገዶች እኛ ነን» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ያ ሐሳብ አሜሪካ ገብቶ መረረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዌስሊ ስዊፍት የሚባል ሰባኪ ዋና አስፋፊው ሆነ፤ ስሙም «ክርስቲያን አይደንቲቲ» ተባለ። እውነተኛው የአዳም ዘር ነጭ ብቻ ነው፣ ጥቁር ከአዳም በፊት የተፈጠረ ነው፣ አይሁድ የእባቡ ልጆች ናቸው ይላል። የመጨረሻው ጦርነት የዘር ጦርነት ነው ብለው ስላመኑ ወደ ጫካና ወደ ተራራ ወጡ፤ ሰሜን አይዳሆ፣ ምሥራቅ ኦክላሆማ፣ ኦዛርክ የሚባለው የአርካንሳስና የሚዙሪ ተራራማ አገር። በ1980ዎቹ ገበሬው በባንክ ዕዳ መሬቱን ሲነጠቅ ደግሞ «የዘረፈህ አይሁዳዊ ባለ ባንክ ነው» የሚሉት ሰዎች በሩን አንኳኩ። ከነዚህ ወገን የነበረው ጎርደን ካል የተባለ ገበሬ በ1983 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ማርሻል የሚባሉ ሁለት የፌዴራል ሕግ አስከባሪዎችን ገደለ፤ ከወራት በኋላም እሱ ራሱ አርካንሳስ ተደብቆ ሳለ በተኩስ ሞተ።

የእህቴ ልጅ የሰማችው ሰፈር የጄምስ ኤሊሰን ነው። በ1976 ከቡል ሾልስ ሐይቅ አጠገብ 224 ኤከር መሬት ያዘ፤ ወደ 90 ሄክታር መሆኑ ነው። ልጅቱ ኮፒ ያደረገችው ካርታ ላይ ሐይቁን በሰማያዊ እስክሪብቶ ከባዋለች፣ የልጃችንንም ከተማ በትንሽ መስቀል ምልክት አድርጋለች። መጀመሪያ የጸሎት ማኅበር ነበሩ። የሰፈሩ ስም «ሰራፕታ ኮሬብ» ነበር። እዚህ ላይ ጥራዙን አስቀምጬ ለጥቂት ጊዜ በሩን ስመለከት ቆየሁ። የሰራፕታዋ መበለት እኮ እስራኤላዊት አልነበረችም፤ የሲዶና አገር ሴት ናት፤ ለራሷና ለልጇ የቀረችውን የመጨረሻ ዱቄት ለማታውቀው እንግዳ የጋገረች ናት። ባዕድ አናስጠጋም ያሉ ሰዎች ደጃቸውን በእሷ ስም ጠሩ።

ከዚያ የሆነው ሁሉ አንዱ ሌላውን እየሳበ የመጣ ነው። ለክፉ ቀን ብለው እህል አከማቹ፤ እህሉን ለመጠበቅ መሣሪያ ገዙ፤ መሣሪያውን ለመልመድ ለተኩስ ልምምድ ብቻ የሚሆን የውሸት መንደር ሠሩ። ስማቸው «ኪዳን፣ ሰይፍ እና የጌታ ክንድ» ሆነ። ኤሊሰን ንጉሥ ተብሎ ተቀባ። ከአባሎቻቸው አንዱ የነበረው ሪቻርድ ስኔል በ1983 አንድ ባለ ሱቅ «አይሁዳዊ ነው» ብሎ ገደለ፣ በ1984 ደግሞ ሉዊስ ብራያንት የሚባል ጥቁር የአርካንሳስ ፖሊስ ገደለ። በሚያዝያ 1985 ወደ 300 የሚሆኑ የፌዴራል ታጣቂዎች ሰፈሩን ከበቡት፤ በአራተኛው ቀን ያለ ተኩስ እጃቸውን ሰጡ። ውስጥ 30 ጋሎን የሳይናይድ መርዝ ተገኘ፤ ከ110 ሊትር በላይ። የታሰበው ለከተማ የመጠጥ ውሃ ነበር። ጀሪካኑን ተሸክመን ውሃ የምንጠብቅ የዳር ሰፈር ሰዎች ይህን አረፍተ ነገር እንዴት እንደምናነበው ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በጥራዙ ውስጥ ከሁሉ የያዘኝ ግን ከኤሊሰን ቀጥሎ የሰፈሩ ሁለተኛ መሪ የነበረው ኬሪ ኖብል ነው። በ1984 ቦንብ በቦርሳ ይዞ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ግብረ ሰዶማውያን ወደሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ገባ። ከሕዝቡ መሐል ተቀምጦ ሰዎቹን አየ፤ ሲዘምሩ፣ ሲተቃቀፉ። ቦርሳውን ይዞ ተመልሶ ወጣ። በከበባው ጊዜ ከመንግሥት ጋር ሲደራደር የነበረው እሱ ነው፤ በኋላም ያን ትምህርት በአደባባይ የሚቃወም ሰው ሆነ። ልጅቱ ይህን በአንድ ገጽ፣ በሰፋ ጽሑፍ፣ ሳትቸኩል ጽፋዋለች። ጥቅስና ጠብመንጃ አንድ ጎጆ ውስጥ ማደር በጀመሩበት አገር ለምንኖር ሰዎች ከ300ው ታጣቂ ይልቅ ይህ ሰው ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ጉድለቷን ልናገር። ዓመተ ምሕረቱን ቀላቅላዋለች። በ1988 ፎርት ስሚዝ ከተማ ውስጥ መንግሥት ሊገለብጡ አሲረዋል ተብለው የተከሰሱት የእነዚህ ነጭ ዘረኛ ቡድኖች መሪዎች በነፃ የተሰናበቱበት ችሎት በፈረንጅ ተጽፏል። ከሥሩ 168 ሰው የሞተበት የኦክላሆማ ሲቲ ፍንዳታ ደግሞ በእኛ «1987» ተብሏል፤ ፍንዳታው ከችሎቱ የቀደመ ይመስላል። እውነቱ በፈረንጅ 1995፣ ኤፕሪል 19 ነው፤ ስኔል በሞት የተቀጣውም በዚያው ቀን ነው። አንባቢ ከዚህ ላይ ይሳሳታል። ስነግራት አልተከራከረችም፤ ቀይ እስክሪብቶ አምጥታ «አብረን እናርመው» አለችኝ፣ ከገጽ ገጽ አረምነው። ሁለተኛ፣ ገጽ 29 ኮፒው ደብዝዞ አይነበብም፤ ገንዘብ ተከፍሎበት እንዲህ መሆን አልነበረበትም።

የሙሉጌታን ክፍል መጨረሻ ላይ ነው ያደረገችው። ገዳዮቹ ታሰሩ። በ1990 ደግሞ ቤተሰቡ ወጣቶቹን ያነሳሳውን የነጭ ዘረኞች መሪ ቶም ሜትዝገርን በፍትሐ ብሔር ከሰው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላቸው፤ የተገኘው ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም ሰውየው ቤቱን አጣ። በዚሁ መንገድ በ2000 አይዳሆ ውስጥ የሪቻርድ በትለር «አርያን ኔሽንስ» የሚባል ነጭ ዘረኛ ድርጅት 6.3 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደበት፤ ጠባቂዎቹ በመኪና የሚያልፉ እናትና ልጅ ላይ ተኩሰው ነው። 20 ኤከሩ ግቢ ተሸጠ፣ ሕንፃዎቹም ፈረሱ። ይህን ለእህቴ ልጅ በስልክ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «የሰራፕታውን ድገመው» አለችኝ።

ቤቷ ሰኞ ዝግ ናት። ጥያቄ ስታስመዘግቡ ጠበብ አድርጋችሁ ጻፉ፣ ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንዲሆን ከወዲሁ ንገሯት። ጥራዙ ቁጥር 41 ነው። የኖብል ገጽ ላይ በእርሳስ የተሰመረው የኔ ነው፤ እንዳይጠፋ ነግሬያታለሁ።