ድሬ ልከራይ ወይስ ሐረር?

ምሥራቅ ላይ ሥራ አግኝቶ ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኪራዩ ስንት ነው?" ብሎ ነው። እኔ ብሆን ይህን ጥያቄ ሁለተኛ አደርገዋለሁ። ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከፍታቸው ግን አይገናኝም። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። የጣሪያውን ዓይነት፣ የውሃውን ነገር፣ የመብራት ሂሳቡን፣ የወባ ትንኙን ሳይቀር የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

ከሙቀቱ ልጀምር። ድሬ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ 35 ዲግሪ ይደርሳል። ቀትር ላይ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰውም ጋደም ይላል። ሌሊቱም ቢሆን እፎይታው ትንሽ ነው፤ አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚተኛ አለ። ስለዚህ ድሬ ላይ ቤት መታየት ያለበት ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ደላላው "ጠዋት ልውሰዳችሁ" ካለ እሺ በሉት፣ ግን ቀብድ ሳትከፍሉ ከሰዓት ተመለሱ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰርቪስ ቤት ጠዋት ደስ ይላል። ስምንት ሰዓት ላይ ምጣድ ነው። መስኮቶቹ ትይዩ ሆነው ነፋስ የሚያሳልፉ ከሆነ፣ ግቢውም ጥላ ያለው ዛፍ ካለው፣ በኪራዩ ላይ ትንሽ መጨመር አያስቆጭም።

እዚህ ላይ ቆጣሪው ይመጣል። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ቬንቲሌተር ሲያዞር ሂሳቡ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፣ ቀን ሙሉ ቤት የማይውለውም አብሮ ይከፍላል። ድሬ ላይ ርካሽ የተባለ ክፍል በዚህ ብቻ ሊወደድ ይችላል። ሐረር ይህ ጣጣ የለም። እዚያ የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ ነው።

ሐረር የምታስከፍለው በውሃ ነው። ከተማዋን ለረጅም ዘመን ያጠጣት የሀሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ደረቀ። ኋላ ላይ ውሃ ተመልሶ ቢታይበትም፣ ሐረር ከዚያ ወዲህ በእጅጉ የተደገፈችው ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጥልቅ ጉድጓዶች በሚመጣ ውሃ ነው። ያንን ሁሉ ዳገት ውሃው የሚወጣው በፓምፕ ነው። ፓምፕ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ ሐረር ላይ ቤት ስታዩ ዓይናችሁ መጀመሪያ ሮቶው ላይ ይረፍ። ስንት ሊትር ይይዛል? ለስንት ቤተሰብ ነው? ቁልፉ ማን ጋ ነው? "ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?" የሚለውን ግን አከራዩን አትጠይቁ። ጎረቤት ልብስ የምታጥበዋን ሴት ጠይቁ። ባለቤት ሁሉ "ውሃማ አይጠፋም" ነው የሚለው።

ድሬም ከጉድጓድ ነው የምትጠጣው። ውሃዋ የሟሟ ማዕድን ስለሚበዛበት ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገራል፣ ሳሙናም ቶሎ አረፋ አያወጣም። ይለመዳል። በርሜልና ሮቶ ግን እዚያ ሌላ ጣጣ አላቸው። ውሃው ትንኝ ያራባል። በ2006 ደንጌ፣ በ2011 ቺኩንጉኒያ፣ ሁለቱም ትንኝ የምታስተላልፋቸው የትኩሳት በሽታዎች፣ ድሬን አዳርሰዋታል። በ2014 ደግሞ ወባ በበጋ፣ ማንም ባልጠበቀው ወቅት ተነሣ። ያመጣችው ስቴፈንሳይ የምትባለው ትንኝ ናት፤ የምትራባውም ሰው ውሃ በሚያጠራቅምበት ዕቃ ውስጥ ነው። የግቢው በርሜል ክዳን ከሌለው ያ ቤት ለሕፃን አይሆንም። የሐረር ቅዝቃዜ ከዚህ አብዛኛውን ያሳርፋል። ልጅ ላለው ሰው ሚዛኑን ወደ ሐረር የሚያዘነብለው ለእኔ ይህ ነው።

ሰፈር መምረጡ ላይ ድሬ ትሻላለች፣ ምርጫው ሰፊ ነው። ከዚራ የባቡሩ ሰፈር ነው። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዛፍ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ። ቤቶቹ አርጅተዋል፣ ቧንቧቸውም እንደዚያው። ቢሆንም ከአዲስ ቪላ ጓሮ ካለ የቆርቆሮ ክፍል ያረጀ የከዚራ ክፍል ይሻለኛል። ሳቢያን አዲስ ቤት ለሚፈልግ፣ መኪና ላለው፣ ሴራሚክና የግል ሻወር ለሚል ሰው ነው። መጋላ ለነጋዴ ይመቻል፤ ቀፊራ ገበያ ደጃፉ ላይ ነው፣ ጸጥታ የሚወድ ግን አይግባ።

ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ወንዝ መሆኑ ይረሳል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው፣ ስለዚህ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አሁን የመከላከያ ግንብ አለ። እኔ ግን ዳር ላይ ያለን ቤት በነፃም አልገባበትም።

ሐረር ላይ ጥያቄው ከግንቡ ውስጥ ወይስ ውጭ ነው። ጀጎል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ መኖር ያምራል። የድንጋዩ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ቀን ይቀዘቅዛል፣ ነደባው (ከወለሉ ከፍ ያለው መቀመጫ) ላይ ተቀምጦ ቡና መጠጣትም ሌላ ነው። ነገር ግን ባህላዊውን ቤት ሙሉውን ተከራይቶ መግባት ቀላል አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው። መኪና ብዙው ጠባብ መንገድ ላይ አይገባም፣ ቁም ሳጥን ያለው ሰው ተሸካሚ ያዘጋጅ። ቅርስ ስለሆነም መስኮት ላስፋ፣ ግድግዳ ላፍርስ አይባልም። ከመሸ ደግሞ ጅብ ያልፋል። የአገሩ ሰው መንገድ ይለቅለታል እንጂ አይደነግጥም፤ እንግዳ ግን ሳምንት ያህል ይከብደዋል። ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ከግንቡ ውጭ፣ ሸንኮር ወይም አራተኛ አካባቢ ቢያይ ይሻለዋል።

"ሐረር እየኖርኩ ድሬ ልሥራ" የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ያጓጓል፣ በብርድ ተኝቶ በሙቀት መሥራት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ግን በየቀኑ የሚወጣና የሚወረድ መንገድ አይደለም። ጭጋግ አለ፣ የሚበር የጫት መኪና አለ፣ ከመሸ በኋላም ታክሲ ይሳሳል። ሀሮማያ ዩኒቨርሲቲ ለሚሠራ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለእሱ ሐረር ትቀርበዋለች፣ ደንገጎም አይነካውም።

ውል ላይ ስትደርሱ የ2016ቱን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አስታውሱ። ውሉ በጽሑፍ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት መሆን አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። "የስድስት ወር ካልሆነ" የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። ከዚህ በላይ የምጠነቀቀው ቤቱ የማን እንደሆነ ነው። በተለይ አሮጌ ሰፈር ውስጥ ያማረ ቤት በርካሽ ከቀረበላችሁ የቀበሌ ቤት እንዳይሆን ካርታውን አሳዩን በሉ። የቀበሌ ቤት ይዞ ለሌላ የሚያከራይ ሰው ሲነቃበት ዕቃው የሚወጣው የእናንተ ነው፣ ቅድሚያውንም የሚመልስላችሁ የለም።