ከምድር በታች ላለ ፓርኪንግ ዲጂታል የእጅ ሬዲዮ፦ ከ5 ኮከብ 4

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ አራት ወለል ወደ ምድር በሚወርድ ፓርኪንግ የማታ ሺፍት ኃላፊ ነኝ። የድሮዎቹን አናሎግ ሬዲዮዎች ዲኤምአር በተባለው የዲጂታል ሬዲዮ ዓይነት ከቀየርን ወዲህ ሥራው ቀሎልናል። ሦስተኛው ወለል ላይ በሹሹታ ይዋጥ የነበረ ድምፅ አሁን ጠርቶ ይሰማል።

ሚስጥሩ ውስጡ ያለው ኤኤምቢኢ ፕላስ ቱ የተባለው ኮዴክ (ድምፅን ወደ ቁጥር ቀይሮ መልሶ ድምፅ የሚያደርገው ክፍል) ነው። ንግግሩን በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ይቆርጥና እያንዳንዱን ቁራጭ በ49 ቢት (በ0 እና 1 ምልክቶች) ይገልጻል፤ 23 የማረሚያ ቢት ጨምሮ 72 አድርጎ ይልከዋል። የወደድኩለት ጥበቃውን ለሁሉም እኩል አለማከፋፈሉን ነው። የድምፁን ቅጥነትና ጉልበት የመሰለውን ዋና ነገር የያዙት ቢቶች ጎሌይ ኮድ በተባለ የስህተት ማረሚያ ዘዴ ይታጠራሉ፤ ማረሚያውን ጨምሮ 24 ቢት ባለው አንድ ቡድን ውስጥ 3 ቢበላሹ እንኳ ተቀባዩ ራሱ ያርማቸዋል። ጥቃቅኑን ዝርዝር የያዙት 25 ቢቶች ያለ ጥበቃ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሲግናል ሲደክም ቀድሞ የሚሄደው የሰውየው የድምፅ ለዛ ነው፤ ቃሉ ይሰማል።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ስህተቱ ከማረሚያው አቅም ሲያልፍ ሬዲዮው ያለፈውን ቁራጭ ይደግማል፣ ከቀጠለም ዝም ይላል። አናሎጉ እኮ ሹሹታው እየበረታ ሲሄድ መራቃችሁን ይነግራችሁ ነበር! ይሄኛው እስከ ጫፉ ጥርት ብሎ ይሄድና ድንገት ይቆረጣል።

ሙሉ በሙሉ ቢቆረጥስ ባልከፋ፤ ደግመን እንጠይቃለን። የሚያሳስበኝ ትንሽ ብቻ ሲጎድል ነው። አንድ ጥቅል ሦስት ቁራጭ፣ ማለትም 60 ሚሊ ሰከንድ ንግግር ይዟል፤ የ«ሰባት» የመጨረሻዋ «ት» ለመጥፋት ይህ ይበቃታል። አራተኛው ወለል፣ ከአሳንሰሩ ግድግዳ ጀርባ የቆመ ልጅ የቲኬት ቁጥር «ሰባት» ሲል እኔ ዘንድ «ሰባ» ሆኖ ይደርሳል። ድምፁ ንጹሕ ስለሆነ ማንም አይጠራጠርም፤ ቲኬት ቁጥር 70 የያዘው ደንበኛ መኪና ባለቤቱ ሳይጠራው ወጥቶ በር ላይ ይቆማል። አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው።

ኮንክሪት ሥር የምትሠሩ ከሆነ ግን ግዙት። የቲኬትና የታርጋ ቁጥር አንድ በአንድ ይጠራ፤ ሰባን «ሰባት፣ ዜሮ» በሉት፣ የሰማውም መልሶ ይናገር። ታችኛው ወለል ላይ ድምፅ እየተቆረጠ ካስቸገራችሁ፣ ሌላ የእጅ ሬዲዮ ከመጨመር ይልቅ ገንዘቡን ለሪፒተር (ሲግናሉን ተቀብሎ አጉልቶ መልሶ ለሚልክ መሣሪያ) አውሉት።