ደሴና አካባቢው የባሕር ዓሣ ለምታሳድጉ፦ ይህን ባለሙያ እወቁልኝ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ ያላችሁ፣ ቤታችሁ አኳሪየም ያላችሁ ሁሉ፣ ይህችን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ላመሰግነው የምፈልገው ሰው አለ። ስሙን እዚህ አልጽፍም። "ሥራዬን ተናገሪ፣ ስሜን ግን ተይው" ስላለኝ ነው። ሸዋ በር አካባቢ የውሃ ፓምፕና ፍሪጅ ይጠግናል። ጅቡቲ ኖሮ የመጣ የወሎ ልጅ ነው፤ የባሕር ዓሣ አያያዝንም የተማረው እዚያው ነው። ዓሣዎቻችንን አትርፎልናል። የማያስፈልገንን ውድ ዕቃም ከመግዛት አድኖናል።

የባሕር ውሃ አኳሪየም ደሴ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ወንድሜ ጅዳ ነው የሚሠራው። እዚያ ሥራ የሌለው ቀን ሁሉ የሚያልፈው ቀይ ባሕር ዳር ነው። አንድ ጊዜ ለዕረፍት ሲመጣ መብራቱን፣ ፓምፑን፣ የባሕር ጨዉን ይዞ መጣ። ዓሣዎቹንና ድንጋዩን ከአዲስ አበባ አስመጣ። 80 ሊትር የሚይዝ መስታወት ነው። ሁለት ክላውንፊሽ፣ ማለትም ብርቱካናማ ሆነው ነጭ መቀነት ያላቸው፣ ከነሱ ጋር ሁለት ሌሎች ትንንሽ ዓሣዎች ነበሩበት። ወንድሜ ሲመለስ አደራውን ለእኔ ሰጠኝ።

እናቴ ስትሮክ ከመታት ወዲህ ከቤት አትወጣም። ሰው ጠያቂ ነበረች፣ ለቅሶ ደራሽ ነበረች፤ አሁን ውሎዋ ከአኳሪየሙ ፊት ለፊት ነው። አቦል የምትጠጣው እዚያ ነው፣ በረካም እዚያው ነው። ጠዋት ስትነሳ "ልጆቼ ነቁ?" ብላ የምትጠይቀኝ ስለ ዓሣዎቹ ነው። ስለዚህ ለእኛ ቤት ይህ ነገር የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

ውሃው ደብዘዝ ሲል ጊዜ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው አስመጣን። ዓሣዎቹን ባልዲ ውስጥ ከተታቸው። ውሃውን በሙሉ ደፋው። ድንጋዩን በበረኪና ፈተገው፣ በቧንቧ ውሃ አለቀለቀው፣ አዲስ ውሃ ሞላና ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። መስታወቱ አብረቀረቀ፣ እኛም ደስ አለን። ብዙም ሳይቆይ ዓሣዎቹ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ሁለቱ ትንንሾቹ ሞቱ። እናቴ ያን ቀን ቡና አልጠጣችም።

ደወልኩለት። "ስኪመር ስለሌላችሁ ነው" አለኝ። ስኪመር የሚሉት ውሃውን በአረፋ የሚያጸዳ ዕቃ ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ ራሴን አዞረኝ። "ዛሬ ካልወሰንሽ ነገ እነዚህም የሉም" ብሎ አስፈራራኝ። ሌላ ቦታ ደወልኩ፤ እዚያም ምንም ሳያዩ "ያለ ስኪመር የባሕር አኳሪየም የሚባል ነገር የለም" አሉኝ። አንዱ ደግሞ ጨዉ አንሶ ነው ብሎ ከባቲ ገበያ የአፋር ጨው አስመጥቼ እንድጨምር መከረኝ። የሁሉም ቋንቋ ግዢ፣ ክፈይ ነው። ውሃውን ልየው፣ ልለካው ያለ አንድ ሰው እንኳ የለም። ይህን ስጽፍ ዛሬም አንጀቴ ያራል። በበሽተኛ ደስታ እንዴት ይነገዳል?

በመጨረሻ ጎረቤታችን ፍሪጅ የሠራላትን ሰው ጠቆመችኝ። ረመዳንና ሁዳዴ የተገጣጠሙበት ወቅት ነበር። እኛም ጾመኞች፣ እሱም ጾመኛ። ከሰዓት በኋላ መጣ። እናቴን "እማማ፣ እንዴት ዋሉ?" ብሎ እጇን ስሞ ወደ ዓሣዎቹ ሄደ። ብዙ አላወራም። ውሃውን በትንንሽ ብልቃጥ እየቀዳ ቀለም ጠብ እያደረገ ለካ። ድንጋዩን አውጥቶ አሸተተው። ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄው "ይህን ድንጋይ ማን ነው ያጠበው?" የሚል ሆነ። ስለ መታጠቡ ማንም አልነገረውም ነበር!

እንደገባኝ ልንገራችሁ። ድንጋዩ ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ የሚመጣውን አሞኒያ የሚያጠፉልን እነሱ ናቸው። በረኪናው እነሱን ጨረሳቸው፣ አሞኒያው ዓሣዎቹን መረዛቸው። ስኪመር ደግሞ የነዚያን ሥራ አይሠራም። ቆሻሻው ሳይበሰብስ በፊት በአረፋ ለቅሞ ያወጣል እንጂ አንዴ የተፈጠረውን አሞኒያ አያጠፋም። ያን ቀን ያን ሁሉ ብር ከፍዬ ብገዛው ኖሮ ዓሣዎቹ ስኪመሩ አጠገብ ይሞቱ ነበር ማለት ነው።

ክሎሪን የሚያጠፋ ጠብታ ጨመረ። ከውሃው የተወሰነውን ቀየረ። የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙሮ የውሃው ገጽ እንዲናወጥ አደረገ፣ የመስታወቱንም ክዳን ገለጠው። "ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ውሃም እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን ከጅዳው ያንሳል። ስለዚህ ገጹ ዝም ማለት የለበትም" አለኝ። ይህ እንኳን አንድ ሳንቲም አላስወጣንም።

ከዚያ "መጣሁ" ብሎ ወጣ። የሄደ መስሎኝ ነበር። መግሪብ ሊል ሲል በባጃጅ ተመለሰ፣ በጭኑ ባልዲ ይዞ። ባልዲው ውስጥ የጨው ውሃና አንድ ድንጋይ አለ። ከራሱ አኳሪየም ያወጣው ነው። "ባክቴሪያው በሕይወት ያለ ነው፤ ለእናንተ ዘር ይሁናችሁ" ብሎ በእጁ አስቀመጠው። ለማያውቀን ሰው ቤት! ዋጋውን ስጠይቀው "ድንጋይ ይሸጣል እንዴ?" አለኝ። አዛን ሲል በቴምር አፈጠርን። ለእሱም ቅቤ ያልነካው ሽሮ ቀረበለትና አብረን በላን። እናቴ ምላሷ እንደልብ አይታዘዝላትም፤ ያን ማታ ግን እጇን ዘርግታ ስትመርቀው እያንዳንዱ ቃል ይሰማ ነበር። እኔ አሚን ማለት አቅቶኝ አለቀስኩ።

ስኪመሩን ነገር በቀጥታ ጠየቅሁት። ራሱ ከጅቡቲ እያስመጣ የሚሸጥ ሰው ነው፤ "አዎ" ቢለኝ እገዛው ነበር። "ለ80 ሊትርና ለሁለት ዓሣ አያስፈልግሽም" አለኝ። በየሳምንቱ ውሃውን 10 በመቶ ቀይሪ፣ ምግብ አታብዢ፣ በቃ። መስታወቱ ትልቅ ከሆነ፣ ዓሣው ከበዛ፣ አብዝቶ የሚበላ ዓሣ ከገባ ግን ያን ጊዜ ስኪመር ይጠቅማል፤ ቆሻሻውን ያወጣል፣ ውሃውንም አየር ያጠግባል። ደህናውን ግዢ እንጂ ርካሹን አትግዢ ብሎኛል። የሐይቅን ዓይነት የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ለምታሳድጉ ደግሞ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ጨው በሌለበት ውሃ አረፋው በደንብ አይቆምም።

ስለ አፋሩ ጨውም ነግሮኛል። ለወጥ የሚሆነው ጨው ለባሕር ዓሣ ብቻውን አይበቃም፤ የባሕር ውሃ ካልሲየምም ማግኒዚየምም አለበት። ውሃው በትነት ሲጎድል የሚሞላውም ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨዉ አብሮ አይተንምና። የውሃውን ጨዋማነት የምታሳየው መለኪያ 1.025 አካባቢ መሆኗን እያየሁ ነው የምሞላው።

ክላውንፊሾቹ ዛሬም አሉ። ከዚያ በኋላ ለሠራበት የሚገባውን ከፍለነዋል፤ የመጀመሪያ ቀን ግን የባጃጁን ብቻ ነው የተቀበለኝ። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕም አምጥቶልናል። መብራት ሲጠፋ፣ ማታም ቢሆን፣ "ፓምፗን አስነሳሻት ወይ?" ብሎ ይደውላል። እንዲህ ያለ ባለሙያ የት ይገኛል?

ወገኖቼ፣ ዓሣችሁ ሲታመም ስኪመርም ሆነ ሌላ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሰው ጥሩት። ኮምቦልቻም ሐይቅም ይሄዳል፤ የትራንስፖርቱን ብቻ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ፓምፕና ፍሪጅ የተበላሸባችሁም ጥሩት፣ ታማኝ ነው። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። እሁድ አይሠራም፤ በሌላው ቀን ከሰዓት በኋላ ብትደውሉ ታገኙታላችሁ።