ቶታል ኳርትዝ 9000 5ደብልዩ-40፦ ለጎልፍ ጂቲአይ፣ በደብረ ብርሃን ውርጭና በጣርማበር ዳገት

ደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ ያደረ መኪና በኅዳር ጠዋት ሲነሳ፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ከዜሮ ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ያው መኪና ቀን ላይ ጣርማበርን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ሲመለስ ከ1,300 ሜትር ግድም ተነስቶ 3,000 ሜትርን አልፎ ይወጣል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ቱርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ያንኑ ግፊት ለማምጣት ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ይግላል። እዚህ የምንመዝነው ቶታል ኳርትዝ 9000 5ደብልዩ-40 የሚባለው የሞተር ዘይት ሁለቱንም ጫፍ፣ ብርዱንም ሙቀቱንም፣ መቻሉን ነው፤ ሞተሩ የስድስተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ 2.0 ቲኤስአይ ነው።

ባጭሩ ይችላል። ምክንያቱ ግን የጣሳው ፊት ላይ የተጻፈው ስም ሳይሆን ጀርባው ላይ ያለው ትንሽ ጽሑፍ ነው፦ ቪደብልዩ 502.00 (የፎልክስዋገን የዘይት ደረጃ) እና ኤሲኢኤ ኤ3/ቢ4 (የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር ደረጃ)። ፎልክስዋገን ለዚህ ሞተር የሚጠይቀው 502.00ን ነው። ይህ ቁጥር የሌለበት 5ደብልዩ-40፣ ውፍረቱ አንድ ቢሆንም ተመሳሳይ ዘይት አይደለም። የፊቱ ቁጥር የሚናገረው ስለ ውፍረት ብቻ ነው። “5ደብልዩ” በብርድ ቶሎ መፍሰሱን ያሳያል፤ “40” ደግሞ በ100 ዲግሪ ሙቀት ውፍረቱ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) መካከል መሆኑን። ለሮቢት ሙቀትና ለጣርማበር ዳገት 40ውን ከ30ው እንመርጣለን።

“ዳገት ስለሚበዛ ወፍራም አድርግበት” የሚለው ምክር እስካሁን በየጋራዡ አለ፤ 20ደብልዩ-50 ይመጣና ይሞላል። በዜሮ ዲግሪ 20ደብልዩ-50 የሞላ ሞተር አይነሳም ማለት አይደለም፣ ይነሳል። ጣጣው ከተነሳ በኋላ ባሉት ሰከንዶች ነው፤ ወፍራሙ ዘይት ላይኛው ክፍልና ቱርቦው ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ካቴናውን (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በልክ የሚያስኬደውን ሰንሰለት) የሚወጥረው መወጠሪያ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ገደማ የተገጠሙት መወጠሪያዎች ደካማ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ፋብሪካውም በኋላ በተሻሻለ ተክቷቸዋል። መወጠሪያው ሲለቅ ካቴናው ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ጠዋት ሲነሳ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ የሚቆይ የብረት ኳኳታ ካለ ዘይት መለወጥ አያድነውም፤ መኪናው ሳይነዳ መወጠሪያው ይታይ።

ዘይቱ ላይ ያለን ቅሬታ ስያሜው ነው። ኳርትዝ 5000፣ 7000፣ 9000 እና ኢኔዮ የሚባሉት መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለማያውቅ ሰው ይምታታሉ። 7000 10ደብልዩ-40 ከፊል ሲንተቲክ ነው፤ “ያው ቶታል ነው” ተብሎ ሊሸጥላችሁ ይችላል፣ ያው አይደለም። የሚገዛው ከኩባንያው ማደያ ቢሆን ይሻላል። የክዳኑ ቀለበት ያልተሰበረ፣ የምርት ቁጥሩም ያልተፋቀ መሆኑን እዩ። ባዶውን ጣሳ ከመጣላችሁ በፊት ብሱት፤ አስመስሎ አሽጎ የሚሸጥ ሰው ንጹሕ ጣሳ ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ መጠኑ። ሞተሩ ከነፊልትሮው የሚይዘው 4.6 ሊትር ነው። ባለ 4 ሊትር ጣሳ አራግፎ “ሞላ” የሚል መካኒክ 0.6 ሊትር አጉድሎ ነው የሚሸኛችሁ፤ ስለዚህ ባለ 4 ጣሳ ላይ ባለ 1 ይጨመር። የሚተርፈውን 0.4 ሊትር ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያዙት።

ሞተሩ ለብ ብሎ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ይሠራ። ፊልትሮው ከላይ በፊት በኩል ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ማላላት ነው፤ ቤቱ ውስጥ የቀረው ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ቺንጋና ጎማ ላይም አይንጠባጠብም። ቀጥሎ የታችኛው ሽፋን ይወርድና ታፖው (የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን) ይፈታል። የታፖው ሮንዴላ ከራሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ታፖው በየጊዜው አዲስ ይሁን፤ ዋጋው ከሚያስቀረው ጣጣ አንጻር ምንም አይደለም። ጥብቀቱ 30 ኒውተን ሜትር ነው። ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክቶ የሚያጠብቅ ሰው የታፖውን ጥርስ ይበላዋል፤ ከዚያ የሚለወጠው የዘይት ቋቱ ነው። 4.2 ሊትር ጨምሮ አስነስቶ፣ አጥፍቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ በመለኪያ ዘንጉ እያዩ መሙላት። ከላይኛው ምልክት ማለፍ እንደ ማጉደል ሁሉ ጥፋት ነው፤ ትርፉ በሞተሩ መተንፈሻ በኩል ወደ አየር መግቢያው ይሳባል።

የመለወጫ ጊዜ ላይ ፋብሪካው በቋሚው አሠራር 15,000 ኪሎ ሜትር ወይም 1 ዓመት ይላል። ለዚህ አካባቢ ይህ በዛ። አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት የሚመላለስ መኪና 7,500 ወይም ስድስት ወር ይበቃዋል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ብቻ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት የሚል ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ ዘይቱን ቶሎ ይጨርሳል፤ 5,000 ላይ ይለወጥ። ሞተሩ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ፣ ሳይግል ሲጠፋ ያልተቃጠለው ቤንዚን በፒስተን ፋሻው (ፒስተኑ ላይ ባለው ቀለበት) አልፎ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ሳይጨመርበት ዘንጉ ላይ ከፍ ያለ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ዘይት። ክዳኑ ሥር የሚታየው ነጭ አረፋም ብዙ ጊዜ የአጭር ጉዞ እርጥበት ነው፤ ረጅም መንገድ ተነድቶ ካልጠፋ ግን የራዲያተሩ ውኃ እየጎደለ እንደሆነ ይታይ። መጥቆሩ ብቻውን ምንም አይናገርም፣ የሚያጥብ ዘይት ይጠቁራል።

ዘይት መብላቱንም ኳርትዝ አያቆመውም። በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ከበላ ጥፋቱ የመተንፈሻው ቫልቭ ወይም ፋሻው ላይ ነው፤ መጀመሪያ ርካሹ፣ ቫልቩ ይፈተሽ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በማርሽ ተይዞ ሲወረድ የመሳቡ ኃይል ስለሚበረታ የደከመ ፋሻ እዚያ ይታወቃል፤ ታች ደርሶ ቤንዚን ሲረገጥ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል።



ለአነዳድ ሁለት ነገር። ዳሽቦርዱ የዘይቱን ሙቀት ያሳያል፤ ከ50 ዲግሪ በታች ሰረዝ ብቻ ነው የሚታየው። የውኃው መለኪያ 90 ላይ ሲቆም ዘይቱ ገና ነው፤ 80 ሳይደርስ ቤንዚን በኃይል ረግጣችሁ ቱርቦውን አታስጨንቁት። ጣርማበር አናት ላይ ቁልቁሉን ለማየት ስትቆሙ ደግሞ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሥራ። ካጠፋችሁት በኋላ የሚሰማው ድምፅ ቱርቦውን የሚያቀዘቅዘው የኤሌክትሪክ ውኃ ፓምፕ ነው፤ ባትሪ ነቅሎ ማስቆም አያስፈልግም።